መብራት ሲጠፋ የሚጀምር ባንድ

ባንዳችንን የመሠረተው የመብራት ፈረቃ ነው። ቀልድ አይደለም።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ አንድ ቀን ትበራለች፣ አንድ ቀን ትጨልማለች። እኛ አምስት ጓደኛሞች ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ በአንዳችን አያት ቤት እየተሰበሰብን «ባንድ» እንለማመዳለን። ባንድ ስንል ትንሽ ግነት አለው። አንድ ቻይና ሠራሽ ኪቦርድ፣ አንድ ቦክስ ጊታር፣ አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ እና የአንዲት ጓደኛችን ድምፅ ማለት ነው። የባንዱ ንጉሥ ኪቦርዱ ነበር። ድራም ይመታል፣ ቤዝ ይጫወታል፣ ዋሽንት ይሆናል፣ ሲያሰኘው ደግሞ «ማሲንቆ ነኝ» ይላል። ሌሎቻችን አጃቢ ነን። ክራሩማ ለፎቶ የሚያዝ ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ምሽት ዘፈኑ መሐል ላይ መብራቱ ድርግም አለ። ኪቦርዱ ጸጥ። ከእሱ ጋር ቤዙም፣ ዋሽንቱም፣ ያ የውሸት ማሲንቆም አብረው ጠፉ። ክራሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ጊታሩ ተከተለው። ከበሮው ቀስ አለ። ድምፃዊታችን ከኪቦርዱ ጋር መፎካከር ስለቀረላት መጮህ ትታ መዝፈን ጀመረች። እቴቴ (የክራር ተጫዋቻችን አያት ናቸው፤ ግን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው) ሻማ ይዘው ከጓዳ ወጡና በሩ ላይ ቆመው አዳመጡን።

«አሁን ገና ዘፈን ሆነ» አሉ። «እስካሁን እኮ ራዲዮኑ የተበላሸ እየመሰለኝ ነበር።»

በነጋታው መብራት መጣ። ኪቦርዱ ግን ወደ ዙፋኑ አልተመለሰም። ተጫዋቹ ሥራ ስለፈታ «በል እንግዲህ ግጥም ጻፍ» ተባለ። የባንዳችን ገጣሚ የተገኘው እንዲህ ነው፤ በሥራ አጥነት!

ማንዶሊን በታይቱ ሆቴል

እኛ በሻማ ስንለማመድ ከተማው ውስጥ ይሄንኑ ነገር ከኛ መቶ እጥፍ በተሻለ ችሎታ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ አናውቅም ነበር። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የሚባል ቡድን አቋቁሞ ነበር። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አዲስ አበባ ስታዜማቸው የነበሩትን ዘፈኖች፣ በዚያን ጊዜ መሣሪያዎች፣ በአዲስ ቅንብር መጫወት። አኮርዲዮን፣ ማንዶሊን፣ ክላርኔት፣ ጊታር፣ ኮንትራባስ፣ ድራምና ከበሮ።

ያየናቸው ጃዝአምባ ውስጥ ነው። ጃዝአምባ ፒያሳ ታይቱ ሆቴል ውስጥ ነበር፤ የሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል፣ በእቴጌይቱ ስም የሚጠራው። ለአምስታችን የሚበቃ ብር ስላልነበረን ሁለት ቢራ አዝዘን ለአምስት ተካፈልን። አስተናጋጇ አይታ እንዳላየች አለፈችን፤ እስከ ዛሬ እናመሰግናታለን።

መድረኩ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። አየለ ማሞ ናቸው። ማንዶሊኗን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይጫወታሉ። ግሩም ጊታሩን ያስቀምጥና አኮርዲዮን ያነሳል። ኮንትራባሱን ሄኖክ ተመስገን አቅፎታል። ክላርኔቱን የሚነፋው ዳዊት ፍሬው ነው፤ የድምፃዊው የፍሬው ኃይሉ ልጅ። ድምፃዊ የለም፤ ክላርኔቱ ነው የሚዘፍነው። ሰዉም ግጥሙን ያውቀዋልና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በልቡ ይሞላበታል።

አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። እኛም ልናለቅስ ምንም አልቀረንም። ከዚያ ግን እርስ በርስ ተያየን። ለምንድነው የምናለቅሰው? ያ ዘፈን ሲወጣ እናቶቻችን አልተጋቡም። አንዳንዶቹማ አልተወለዱም! ባልኖርንበት ዘመን ናፍቆት አንጀታችን ተላወሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓለም ገበያ የቀረበው አልበማቸው ርእስ ራሱ «ትውስታ» ነው።

ነገሩ እንዳይዛባ አንድ ነገር እንበል። ያ ቡድን የሠራው ቅጂ አይደለም። ተረስተው የነበሩ መሣሪያዎችን ከሞት አስነስቷል። ማንዶሊን የሚባል ነገር ፒያሳ ውስጥ ታሪክ እንዳለው ያስተማረን እሱ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ወደ ዶሮ ማነቂያ ቁልቁል ስንወርድ ገጣሚያችን አንድ ጥያቄ ጠየቀን፤ «የነሱን ዘመን እነሱ ዘፈኑት። ቆይ፣ የኛን ማን ይዘፍንልናል?»

መልስ የሰጠው የለም። ታክሲ ተራ ደርሰን ነበር።

ክራሩ የት ሄዶ ነበር?

ከዚያ በኋላ ማጥናት ያዝን። (ትምህርት ቤት እንዲህ ብናጠና ኖሮ ይሄኔ የት በደረስን!)

ፒያሳ ከመባሏ በፊት አራዳ ነበረች። አራዳ ማለት ገበያው ነው፤ ጊዮርጊስን ተደግፎ የቆመው የከተማው ዋና ገበያ። ጣልያኖች መጥተው ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰዱት፤ ለሰፈሩ ደግሞ «ፒያሳ» የሚለውን ስም ትተውለት ሄዱ። የአራዳ ልጅ ግን አራዳነቱን አልተወም። ገበያ መሐል ያደገ ሰው ጆሮው ክፍት ነው፤ ከየትም የመጣውን ያያል፣ ይነካካል፣ የራሱ ያደርጋል።

ሙዚቃውም እንዲሁ ነው የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጡ። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ የከተማውን የሙዚቃ ቡድኖች አሠለጠነ። አኮርዲዮኑም፣ ማንዶሊኑም፣ ክላርኔቱም ባሕር ተሻግረው መጥተው እዚሁ ለመዱ። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ኋላ ቲያትር ቤት ሆኖ፣ እዚያው አራዳ ውስጥ፣ ክራሩም ማሲንቆውም ከአኮርዲዮኑ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

አስናቀች ወርቁን አስቧት። ተዋናይ፣ ድምፃዊት፣ ክራር ደርዳሪ። መስከረም 2004 ዓ.ም. ነው ያረፈችው። ፈረንሳያዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 16ኛው ቅጽ የእሷ ነው። እኛ ስናዳምጣት «ባህላዊ ሙዚቃ» የሚል ታርጋ እንለጥፍባታለን። እሷ ግን ክራሯን ስታነሳ ሙዚየም መጎብኘቷ አልነበረም! ስለምታውቀው ፍቅር፣ ስለሚያሟት ሰዎች፣ በዚያው ሰሞን ልብ ውስጥ ስላለው ነገር ነበር የምትዘፍነው። ለሰማት ሰው ያ ዘፈን ትኩስ ወሬ ነበር።

ታዲያ ክራሩ የት ሄደ? የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በናስ መሣሪያ ከተማውን አጥለቀለቁት፤ ደግ አደረጉ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን መጣ፤ እሱም ወርቃማ ዘመን አመጣ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ የሰዓት እላፊ መጣ። ሙዚቀኛ ማታ ካልሠራ መቼ ይሠራል? ትልልቅ ባንዶች ተበተኑ። በኋላ ኪቦርድ ሲገባ ሒሳቡ ግልጽ ሆነ። ለስምንት ሰው ከመክፈል ለአንድ ሰውና ለአንድ ሶኬት መክፈል ይረክሳል። የኛ ኪቦርድ እቴቴ ቤት የነገሠው እንግዲህ በዚህ ታሪክ ትከሻ ላይ ወጥቶ ነው።

ከኬንታኪ የመጣ ወሬ

አንድ ቀን ጊታሪስታችን ከኢንተርኔት ካፌ እየሮጠ መጣ። «ማንዶሊን የሚጫወት ሌላ ሰውዬ አገኘሁ!» አለን። አሜሪካዊ ነው። ቢል ሞንሮ ይባላል።

ሄደን አየን። ትልቅ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች አንድ ማይክራፎን ከበው ቆመዋል። ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ጊታር፣ ባንጆ፣ ኮንትራባስ። ተራው የደረሰ ወደ ማይኩ ጠጋ ይላል፤ ሲጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ለሌላው ይለቃል። ድምፅ የሚያስተካክል ሰው የለም፤ ድምፁን የሚያስተካክሉት በእግራቸው ነው። እቴቴ ቤት አራት በአራት ክፍል ውስጥ እኛ የምናደርገውን ማለት ነው! ከበሮው ሲበዛ «ወደ በሩ ሂድ» እንለው ነበር።

ሙዚቃው ብሉግራስ ይባላል። ሞንሮ የኬንታኪ ሰው ነው፤ ኬንታኪ «የሰማያዊ ሣር ግዛት» ትባላለችና ባንዱን «ብሉ ግራስ ቦይስ» አለው፤ ኋላ የስልቱ ስም ከባንዱ ስም ወጣ። በናሽቪል ከተማ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው የራዲዮ መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ባንጆውን በሦስት ጣት እያንጣጣ ስልቱን የዛሬ መልኩን ያስያዘው ኧርል ስክራግስ ደግሞ በ1945 ተቀላቀለው። ባንጆ ራሱ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ይዘውት ከሄዱት መሣሪያ ነው የመጣው።

አሁን ሒሳቡን ሥሩት። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። እኛ «የጥንት የጠዋት» እያልን ያየነው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ በሀገር ፍቅር በአራት ዓመት ይበለጣል! ከእቴቴም ያንሳል። (ዕድሜያቸውን አንነግራችሁም፤ ቡናችን ይቀርብናል።)

ነገሩን ስናጣራው የገባን ይህ ነው። ሞንሮ የቆዩ የተራራ ዜማዎችን ተጫውቷል፤ ግን ዘፈንም ጽፏል። ስለገዛ አጎቱ፣ ስለገዛ ቤቱ፣ ስለገዛ ልቡ ስብራት። ዛሬም በየግዛቱ ያሉ ትናንሽ ባንዶች በዚያው መሣሪያ የራሳቸውን ከተማ፣ የራሳቸውን ፋብሪካ መዘጋት፣ የራሳቸውን ፍቅረኛ ይዘፍናሉ። ሥር ያለው ሙዚቃ የሚባለው ለካ ያረጀ ሙዚቃ ማለት አይደለም። ሥር እኮ መሬት ውስጥ የሚቀር ነገር ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ቅጠል ካላወጣ ጉቶ ነው።

«ፈረስ የት አየህ ልጄ?»

እሺ፣ እንጻፍ አልን። የመጀመሪያ ዘፈናችን ፈረስ ነበረበት። ዐባይ ነበረበት። ጎራ፣ ደመና፣ ከብት የምትነዳ ቆንጆ፣ ሁሉም ነበረ። ገጣሚያችን ኮራ ብሎ ለእቴቴ አነበበላቸው።

«ፈረስ የት አየህ ልጄ?» አሉት። «ጃንሜዳ ነው?»

አምስታችንም ከፒያሳ ወጥተን የምናውቀው ለፈተናና ለለቅሶ ብቻ ነበር። ገጣሚያችን ወረቀቱን አጠፈና ወጣ። ሁለት ቀን ጠፋ። ሲመለስ ስለ ቦኖ ውሃ ጽፎ መጣ። በሰፈሩ አንድ ቦኖ አለ፤ ግማሹ ፍቅር የተጀመረው፣ ግማሹም ጸብ የተነሳው እዚያ ወረፋ ላይ ነው።

ቦኖው ደጃፍ ቆሜ ወረፋ ስጠብቅ፣
አንቺ ቀድተሽ ሄድሽ ጉሮሮዬ ሲደርቅ።

እቴቴ ሳቁ። «ይሄስ እውነት ነው» አሉ። ለኛ ያ ግራሚ ነበር።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። አዝማሪዎች የሚወዱት የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም። ጣት እየቆጠርን ጻፍን። ስለ ታክሲ ወረፋ አንድ፣ ስለ ሰባ ደረጃ አንድ (ሰባውን ደረጃ ወጥቶ ቤቷ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት መናገር ስላቃተው ልጅ፤ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ከበሮ መቺያችን ይመስክር)። ስለ ዝናብና ስለሚያፈስ ጣሪያ አንድ። በዓመት ተኩል ውስጥ ስድስት ዘፈን ሞላን።

የዜማው ነገር ደግሞ ሌላ ጦርነት ነበር። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ነው፤ ቅኝቱን ስትለውጥ አውታሩን ትቃኛለህ። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሻገር ሁለት አውታር በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ክራር ተጫዋቻችን በአንድ ቀልድ መሐል ይጨርሰዋል። ጊታሩ ግን ኮርድ ይወዳል። ኮርድ ደግሞ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይዞ ይገባል፤ እንደ ያልተጠራ እንግዳ። ትዝታ ሜጀር ላይ ይቻቻላሉ። አንቺ ሆዬ ላይ ሲደርሱ ግን ጦርነት ነው። መፍትሔው በመጨረሻ የተገኘው ጊታሩ ትሕትና ሲማር ነው። ኮርዱን ትቶ አንድ በአንድ፣ ነጠላ ድምፅ ብቻ እየለቀመ ክራሩን ከታች ተሸከመው። ያን ቀን ከኛ መሐል ማንም ያልጠበቀው ድምፅ ተሰማ። የማንንም የማይመስል፣ የዚያች ክፍል ድምፅ።

«ሰው የሚያውቀውን ተጫወቱ»

እንግዲህ አሁን የምንነግራችሁ የምናፍርበትን ክፍል ነው።

አንድ ቤት ዓርብ ዓርብ እንድንጫወት ጠራን። (ስሙ ይቅር።) የመጀመሪያው ዓርብ በቦኖው ዘፈን ጀመርን። ሰዉ ወደ ክትፎው ዞረ። ሁለተኛውን የራሳችንን ዘፈን ስንጀምር አንዱ ጠረጴዛ ጮክ ብሎ ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። ባለቤቱ በዕረፍት ሰዓት ትከሻችንን መታ መታ አድርጎ፣ «ልጆች፣ ቆንጆ ናችሁ። ግን ሰው የሚያውቀውን ተጫወቱ» አለን። ክፉ ሰው አልነበረም። ቤት ኪራይ አለበት።

ከዕረፍት በኋላ አንድ የታወቀ የድሮ ዘፈን ለቀቅን። ቤቱ ተነሳ! ትከሻ ተመታ፣ ብር ከግንባራችን ላይ ተለጠፈ። ያን ማታ ወደ ቤት ስንሄድ የእያንዳንዳችን ኪስ ከወር ቀለባችን በላይ ይዞ ነበር።

በሁለተኛው ዓርብ የራሳችንን ዘፈን ሁለት አደረግን። በሦስተኛው አንድ። በሁለተኛው ወር ላይ ዜሮ። ማንም አላስገደደንም። ግንባራችን ላይ የሚለጠፈውን ብር መረጥን፤ ነገሩ ይኸው ነው። የድሮ ዘፈን ትራስ ነው፤ ለሰሚውም ለተጫዋቹም ይመቻል። አዲስ ዘፈን ግን መጀመሪያ ይቆረቁራል። ሰሚው እስኪለምደው የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ እኛ ያ ሰው አልሆንም።

ስድስቱን ዘፈኖች የቀዳነው አንድ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ያኔ የተናደድነው ለስልኩ ነው። ለዘፈኖቹ አልነበረም፤ «እናውቃቸው የለ!» አልን።

ባንድ በጸብ ይፈርሳል ይባላል። የኛ በሥራ ቅጥር ፈረሰ። አንዱ ባንክ ገባ፣ አንዷ አገባች፣ አንዱ ዲቪ ደረሰው። ክራሩ እቴቴ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አጠገብ ተሰቀለ።

እሳትና እስካቫተር

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ታይቱ ሆቴል ተቃጠለ፤ ጃዝአምባም አብሮ ነደደ። እዚያው መንገድ ላይ ከሰዉ ጋር ቆመን ጭሱን አየን። ሁለት ቢራ ለአምስት የተካፈልንበት ቦታ፣ የማንዶሊኑ መድረክ አመድ ሆነ። አንዲት ሴትዮ «የእቴጌይቱ ቤት፣ የእቴጌይቱ ቤት» እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኛ ስለ ሙዚቃው አዘንን፤ ግን ቢያንስ አልበሙ አለ ብለን ተጽናናን። ያ ማጽናኛ ለራሳችን ዘፈኖች እንደማይሠራ ያን ቀን ትዝ አላለንም።

ከዚያ 2016 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በመጋቢት የኮሪደር ልማቱ ሥራ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ቤቶቹ፣ ጠባቡ መንገድ፣ ቦኖው፣ እቴቴ ቤት። በኋላ ካዛንቺስም ተከተለች፤ የመላኩ በላይ ፈንድቃም በ2017 ዓ.ም. የቆየበትን ግቢ ተሰናበተ።

እውነቱን እናውራ ካልን፣ እቴቴ ራሳቸው ያንን ጣሪያ ሃያ ዓመት አማርረውታል። ሽንት ቤቱ ለስድስት ቤት አንድ ነበር። ዛሬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራሳቸው መታጠቢያ ቤት አላቸው። ፒያሳም ብትሄዱ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማታ በመብራት ይንቆጠቆጣል፣ ወጣቱ ፎቶ ይነሳበታል። ጭቃውን ናፈቅን ብንላችሁ እየዋሸን ነው።

የናፈቅነው ሌላ ነገር ነው። ውቤ በረሃን አላየናትም፤ ግን ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የተነሳ በዚያች ሰፈር ማታ ማታ ምን እንደሚወራ እናውቃለን። የአያቶቻችንን አራዳ አልኖርንባትም፤ ግን በአኮርዲዮንና በማንዶሊን እንሰማታለን። የኛ ዶሮ ማነቂያስ? የ2001ዱ፣ የሻማው፣ የቦኖው ወረፋ? ከፈረሰ በኋላ የት ሄደን እንስማው? እኛ እኮ ያንን ልንጽፈው ጀምረን ነበር። በክትፎ ለወጥነው።

አራተኛ ፎቅ

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ዲቪ የደረሰው ጓደኛችን (ገጣሚው ነው) መጣ። አምስታችን ተሰባስበን እቴቴን ልንጠይቅ ሄድን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። «ሰባ ደረጃን አመጣችሁብኝ» አለ ከበሮ መቺያችን እየተነፈሰ፤ እስክንደርስ ሳቅን።

ክራሩ አዲሱ ግድግዳ ላይ አለ፤ ከቅዱስ ገብርኤል አጠገብ። ቡና ተቆላ። ወሬ ወሬን ሲያነሳ ዘፈኖቻችንን ለማስታወስ ሞከርን። የታክሲው ዘፈን አዝማቹ አለ፣ ግጥሙ የለም። የጣሪያው ዘፈን ዜማው እንጂ ቃሉ ጠፋ። ገጣሚው ራሱ አያስታውስም! ከስድስቱ አንዱን እንኳ ሙሉ ለሙሉ ማምጣት አቃተን። እናውቃቸው የለ ብለን ነበር እኮ።

እቴቴ ሲኒ ሊያጥቡ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ውኃው ድምፅ መሐል አንድ ዜማ ሰማን። ትዝታ ማይነር ነው። እያጠቡ ያንጎራጉራሉ፤ የምንሰማቸው አልመሰላቸውም።

ቦኖው ደጃፍ ቆሜ ወረፋ ስጠብቅ፣
ሰፈር ጥሎኝ ሄደ ጉሮሮዬ ሲደርቅ።

ማንም አልተነፈሰም። ገጣሚያችን ቀና ብሎ አየን። የሱ ቃል «አንቺ ቀድተሽ ሄድሽ» ነበር። ወይ ረስተውት ነው፣ ወይ አውቀው ለውጠውታል። ሰው ሰፈሩን ጥሎ ይሄዳል እንጂ ሰፈር ሰውን ጥሎ ሲሄድ ሰምተን አናውቅም። ግን ልክ ናቸው። እሳቸው የትም አልሄዱም ነበር።

ሲወጡ «እቴቴ፣ ይሄን ዘፈን ከየት አወቁት?» አልናቸው።

«እናንተ አይደላችሁ ስታደነቁሩኝ የነበራችሁት?» አሉ። «ሁሉንም አውቃለሁ። የጣሪያውንም፣ የደረጃውንም።»

ክራሩ ወረደ። አውታሩ ረግቧል፤ ለመቃኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እሳቸው እየዘፈኑ፣ እኛ እየተከተልን፣ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ አራቱን ዘፈኖች መለስናቸው። ሁለቱን እሳቸውም አላገኟቸውም። በየስልኮቻችን ቀዳን፤ ለሁላችንም ተላከ። ጎረቤት በሩን አንኳኳ። ድምፅ በዛ ሊለን ነው ብለን ስንሰጋ «ከዶሮ ማነቂያ ናችሁ?» ብሎ ገባና ተቀመጠ።

አሁን ከዚህ ምን ተማርን ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ብዙ የለንም። አንድ ነገር ብቻ። የድሮውን ዘፈን ተጫወቱ፣ ስሙት፣ አልቅሱበትም፤ እኛም እናደርገዋለን። ግን እናንተም ጊታር ይዛችሁ በየካፌው፣ በየሰገነቱ የምትቀመጡ ልጆች፣ ዛሬ የቆማችሁበትን ታክሲ ተራ በስሙ ጥሩት። የተከራያችሁትን ቤት፣ ያልመለሰችላችሁን ቴክስት፣ የምትሻገሩትን ድልድይ ጻፉት። ሰው ወደ ክትፎው ቢዞርም ሦስት ዓርብ ታገሡ። እኛ ሦስት ዓርብ አልታገሥንም፤ ሁለት ዘፈን አስከፍሎናል። እንደ እቴቴ ያለ ጆሮ ደግሞ ለሁሉም ሰው አይገኝም።

ባንዱ ተመልሷል። ገጣሚያችን ግጥሙን ከማዶ ይልካል። በቦኖው ዘፈን ሁለተኛ ስንኝ ላይ የእቴቴ ቃል ጸድቋል፤ ደራሲዋም እሳቸው ናቸው ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወስኗል። እሳቸው «ታዲያ ክፍያዬስ?» እያሉ ነው።

ልምምድ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከፒያሳ ሁለት አውቶቡስ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ኪቦርድ እንዳታመጡ።